ያልተቀራለት ጠዋት

«የእማማ አዝካር ባይኖር ኖሮ ዛሬ ከሆስፒታል የምንቀበለው ሰው ሳይሆን ሬሳ ነበር» አለች ሳምራ።

ዳሲቱ ይህን የሰማችው መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ነው። ሳምራ የልጇ ሚስት ናት፤ ወጥ ቤት ሆና ሽንኩርት እየከተፈች፣ ልታግዛት በጠዋት ለመጣችው መሰለች ለምትባል የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ነበር የምታወራው። ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ የገላን ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ እንኳን ማስነጠስ ወሬም አይከልልም፤ ላይኛው ፎቅ አንዱ ሲያስነጥስ ታችኛው ፎቅ «ይማርህ» የሚባልበት ቤት ነው። «እንዴት መሰለሽ» ቀጠለች ሳምራ፣ «ያን ቀን የቃልቤሳን ገልባጭ ያየ ሁሉ ከዚህ ውስጥ ሰው ተርፏል ብሎ አላመነም። ጋቢናው እንዳለ ተጨማዶ! እግሩን ብቻ ከጉልበቱ በታች ወሰደው። ለምን? እማማ በጠዋት እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው አዝካሩን ቀርተውለት ስለወጣ ነዋ። ራሱ ነው የነገረኝ።» መሰለች ከንፈሯን መጠጠች። «የእናት ጸሎት እኮ ተራራ ይገፋል» አለች።

ዳሲቱ ከንፈሯን ማንቀሳቀሷን አላቆመችም። ሱብሂን ሰግዳ ጨርሳለች፤ ፀሐይ እስክትወጣ እንደ ወትሮዋ መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሃዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ ላያት ሰው የጠዋት አዝካሯን የምትል ነው የምትመስለው። ውሸት ነው! ሰባት ሳምንት ሙሉ አንዲት የአዝካር ቃል ከአፏ አልወጣችም። ሶላቷን ትሰግዳለች፣ የሶላቱንም ቃል ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለው፣ በልጅነቷ ከእናቷ አፍ የለቀመችው፣ ጠዋት ከሱብሂ ማታ ከዐስር በኋላ አርባ ዓመት ያላጓደለችው የጌታዋ ማስታወሻ ግን ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የመጀመሪያዋን ቃል ልትል ስትል ልጇ ቃልቤሳ ከኋላዋ ተንበርክኮ ሲጠብቃት ይታያታል። ቤቱ እንዳይነቃባት ታዲያ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ምን ታድርግ? ከሰው እንኳ መደበቅ ይቻላል፤ ከባለቤቱ ከአላህ ፊት ግን በባዶ ከንፈር መቀመጥ፣ እሷው ታውቀዋለች፣ ከምንም በላይ ያሳፍራል።

የሆነው እንዲህ ነው። ቃልቤሳ ገልባጭ መኪና የሚነዳ ሰው ነው፤ አሸዋና ድንጋይ ያመላልሳል። ሁልጊዜ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት መስገጃዋ አጠገብ ይንበረከካል፣ እሷ ቀኝ እጇን አናቱ ላይ ትጭናለች፣ በምድርም በሰማይም ያለ ነገር እንዳይጎዳው የሚባለውን ሦስት ጊዜ ትቀራለታለች፣ ከዚያ እፍ ትልበታለች። ሦስት ጊዜ፤ ሁለት አይደለም። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆኖ ነው የወጣው። ከአደጋው በፊት በነበረው ማታ የሳምራ ወንድሞች ራት መጥተው ነበር። ወሬው የልጅ ልጇን የሃዊን ትምህርት ቤት ስለመቀየር ነበር፤ ዳሲቱም እንደ ሰው አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ቃልቤሳ እናቱን በሚጠራበት ስም «አዮ፣ አንቺ ዝም በይ፤ ይሄ ያንቺ ዘመን ነገር አይደለም» አላት። በአማቾቹ ፊት! ማንም አልሳቀም፣ ጉርሻው ቀጠለ። እሷ ግን ቃሉን ስታገላብጠው አደረች። ሲነጋ መጥቶ እንደ ወትሮው ተንበረከከ። «አዮ፣ ቸኩያለሁ» አላት። ዝም አለች። ዝም በይ አይደል ያላት? አዝካር ላይ ያለች መስላ፣ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች፣ ፊቷን ወደ ቂብላው እንዳዞረች ቀረች። ጠበቃት። ትንሽ ቆይቶ «እሺ በቃ» አለና ተነሳ። በሩ ሲዘጋ ልትጠራው ነበር፤ «ማታ ሲመጣ እቀራለታለሁ፤ አሁን ትንሽ ይሰማው» ብላ ተወችው። አምስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ።

ከዚያ ወዲህ ቃልቤሳን ብቻውን አግኝታው አታውቅም። ሆስፒታል በሄደች ቁጥር አልጋው ዙሪያ ሰው ነው፤ ሳምራ አለች፣ ጓደኞቹ አሉ፣ የጎን አልጋው ታማሚ ዘመድ ዓይኑን አፍጥጦ ያዳምጣል። ልጇ ግን ለሳምራ «አዮ ቀርታልኝ ነው የወጣሁት» ብሏታል። ለምን? ዳሲቱ ይህን ነገር ስታብላላ ሰባት ሳምንት ከረመች። አላስተዋለም ይሆን? በልቧ ቀርታልኛለች ብሎ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ዛሬ ሲመጣ እጇን ይዞ ያመሰግናታል፤ እሷም በልጇ ፊት ሌባ ሆና ትቆማለች። ካወቀ ደግሞ… ይህኛውን እስከ ጫፍ አታስበውም። ቢያስወጣት መሄጃ የላትም፤ ባሏ ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ ፎቅ ሆኗል። ከመውጣቱ በላይ ግን የሚያስፈራት የልጇ ዓይን ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ የሽንኩርት ዋጋ ላይ ደረሰ። «መቶ ሃያ ገባ ኪሎው፣ ያውም ግማሹ በስብሶ!» ትላለች ሳምራ። ሥጋውን እሷ ትሠራለች፣ አትክልቱንና ምስሩን መሰለች፤ የክርስቲያኑ እንግዳ ለብቻው የሚበላው እንዲኖር። አሥር ዓመት ተጎራብተው በዚህ ነገር ተጋጭተው አያውቁም። ከሽንኩርቱ ወደ መሰለች እህት አለፉ፤ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን እየሳመች ከእናቷ ጋር ከተኳረፈች ሁለት ዓመት የሆናት እህት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!» አለች መሰለች እየሳቀች። ሳምራም ሳቀች። ከግድግዳው ወዲህ የዳሲቱ ሙስበሃ ከእጇ ወደቀ፤ መስገጃው ላይ ስታየው ቆየች። መሰለች እሷን አላለቻትም፣ እንኳን እሷን ልትል እጇን ስማ የማትጠግብ ሴት ናት። ቢሆንም ሙስበሃዋን ለማንሳት አልደፈረችም።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመሰለች ባል በዛብህ ብቅ አለ። ሚኒባስ ሹፌር ነው፣ ሃምሳን ያለፈ፣ ማተቡ አንገቱ ላይ ያለ፣ ቁምነገረኛ ሰው። ሚስቱ ከኋላ በክርኗ ትገፋዋለች። «እትዬ ዳሲቱ» አለች፣ «እሱም ላይ እንደ ቃልቤሳ ያድርጉለት። ባለፈው ሳምንት ከጭነት መኪና ጋር ለጥቂት ነው የተላለፉት። የናንተም የኛም አምላክ አንድ ነው።» በዛብህ ኮፍያውን አውልቆ አፈረ። «ካስቸገርኩ ይቅር» አለ። ሳምራ ማማሰያ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ በኩራት ታያለች። ዳሲቱ ምን ትበል? አልቀራም ብትል ለምን ይሏታል። እጇን አንስታ የሳሳ ጸጉሩ ላይ አደረገች፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ እፍ አለችበት። በዛብህ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አሁን ደህና እነዳለሁ» ብሎ ወጣ። ተከትላው ልትሮጥ ምንም አልቀራትም። ይህ ሰው ባዶ ትንፋሽ ተሸክሞ ነው መንገድ የወጣው! ሳምራም ሃዊን ሳይቀራላት ደጅ አልሰድም ካለች ሰነበተች፤ ሕፃኗም በየጠዋቱ ቦርሳዋን አንግታ አናቷን ትሰጣለች። ያቺ አንድ ጠዋት አድጋ አድጋ ፎቁን ሁሉ ልታዳርስ ነው አለች ዳሲቱ በልቧ።

ከቀትር በፊት ልትናገር ሞከረች። ሳምራ ሳሎኑን ታጥባ ፍራሹን አዲስ አንሶላ እያለበሰች ነበር፤ ልብሷን ቀይራ፣ ፊቷ ከሰባት ሳምንት በኋላ ፈክቶ። ለእሱ እንዲመች አልጋውን ከውስጥ አውጥተው ሳሎን መስኮቱ ሥር አድርገውታል። «ሳምራ» አለች ዳሲቱ፣ «ያን ቀን ጠዋት እኮ…» ሳምራ አንሶላውን ጥላ መጣችና እጇን ይዛ ሳመቻት። «እማማ፣ ስለ ያን ቀን አያስቡ። እኔ እኮ ተኝቼ ነበር፣ ደህና ሁን እንኳን አላልኩትም። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችና እንባዋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ በእንባዋ ላይ ሳቀች፣ «ዛሬ አይለቀስም!» እያለች። ዳሲቱ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘችላት። አብረው ዘረጉት፣ ጠርዙንም አብረው ወደ ውስጥ አጠፉት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መኪናው ደረሰ። ኮንትራት ታክሲው ከሆስፒታሉ እስከ ገላን ሁለት ሺህ ብር ብሎ እንደጠየቀ ሳምራ ቀድማ በስልክ ስትጨቃጨቅ ነበር፤ አሁን ግን ሹፌሩን መርቃ ሸኘችው። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የሚባል ነገር የለም። አራት ወንዶች ቃልቤሳን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸከሙት፤ አንዱ በዛብህ ነው፣ በሰላም ውሎ ገብቷል፣ ዳሲቱ እሱን ስታይ በሆዷ «አልሐምዱሊላህ» አለች። በየደረጃው ማረፊያ ላይ ያስቀምጡታል፣ ያልባቸዋል፣ ይቀላለዳሉ፣ «ሲሚንቶ በልተህ ነው እንዴ የከረምከው?» ይሉታል። ቃልቤሳ ይስቃል። የሱሪው ግራ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ዳሲቱ ከደረጃው ራስ ላይ ቆማ አናቱን ከላይ አየችው፤ ጸጉሩ አድጓል። ሲደርስ አጎንብሶ እጇን ሳመ። «አዮ፣ ከስተሻል» አላት። ሌላ ነገር አላለም። ዓይኑን ፈለገች፤ እሱ ግን ወንበሩ በበሩ እንዲያልፍ ጎኑን ይጠብቅ ነበር።

ቤቱ ሞላ። ቤት ያፈራው ቀረበ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ አደጋው እንደገና ከሥሩ ተተረከ። ወንዶቹ መስጊድ ደርሰው ዐስርን ሰግደው ሲመለሱ ሐጂ ጂራታን ይዘው መጡ፤ ሐጂ ሰማንያ የደረሱ፣ በሰፈሩ ነገር ሁሉ የሚጠሩ፣ ጠብ ሲነሳም ልጅ ሲወለድም የማይቀሩ አባት ናቸው። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ቃልቤሳን ረዥም ዱዓ አደረጉለት። ሲጨርሱ ወደ ዳሲቱ ዞሩ። «የጠዋትና የማታ አዝካር ለሙስሊም አጥር ነው» አሉ። «አጥሩን ያልለቀቀች እናት ይቻትላችሁ። በይ ልጄ፣ የማታው ሰዓት ገብቷል፤ ነይ እንደ ልማድሽ ቅሪለት፣ እኛም እንስማ።» ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሳምራ ትሪውን መሬት አስቀምጣ ክንዷን ይዛ አቀረበቻት።

ዳሲቱ እጇን የልጇ አናት ላይ ጫነች። ሙቀቱ መዳፏን ነካት። አፏን ከፈተች። ከንፈሯን ማንቀሳቀስ፣ እፍ ማለት፣ መቀመጥ፣ በቃ፤ ሰባት ሳምንት የሠራችው ነው። አልሆነላትም። እጇን መልሳ አነሳችና ወደ ሰዉ ዞረች።

«አልቀራሁለትም» አለች። «ያን ቀን አልቀራሁለትም። ዋሽቻችሁ ነው።»

ሐጂ ጂራታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያችሁ?» አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «አያችሁ መተናነስ? ሥራዋን ከሰው ትደብቃለች፤ ለራሷ ምንም አታስቀርም። ማሻአላህ!» «ማሻአላህ!» አለ ቤቱ። አንዲት ሴት ዓይኗን ጠረገች። መሰለች «ቅድስት ናቸው እኮ፣ እኔ ድሮም አውቃለሁ» አለች። «የለም፣ ስሙኝ…» ብላ ጀመረች ዳሲቱ፤ ማን ሰምቷት! ሳምራ ትከሻዋን አቅፋ «ደክሟቸው ነው፣ ከሌሊት ጀምሮ ቆመው ነው የዋሉት» እያለች አስቀመጠቻት። ሻይ ታደለ። እውነት ተናግራ እንዲህ የምትመሰገን ሴት አገር ምድሩ ላይ ያለች አልመሰላትም። ቀና ስትል ግን ቃልቤሳ አተኩሮ ያያታል። እሱ ማሻአላህ አላለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰዉ ተነሳ። ሳምራ ሐጂን እስከ ግቢው በር ልትሸኝ ሃዊን ይዛ ወረደች። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ አልጋው እግርጌ ላይ ደርሳለች። እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ዳሲቱ ባዶ ብርጭቆዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ መደርደር ጀመረች።

«ተይው እሱን» አለ ቃልቤሳ። «ለምን በሰው ፊት?»

«ብቻህን መቼ አገኘሁህ ልጄ?»

«እኔ እኮ አውቅ ነበር» አለ። «ያን ቀን ጣትሽን ነበር የማየው። ሙስበሃው አንዲት ፍሬ ላይ ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም።»

የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ታዲያ ለሳምራ ለምን እንዲያ አልካት?»

«ስነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነዋ። ‹እማማ አልቀሩልህም ነበር እንዴ?› አለችኝ። ፊቷን አየሁት አዮ። እምቢ ብላኛለች ብላት ኖሮ ዛሬ አንድ ቤት ትገኙ ነበር?»

ዳሲቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ፣ እግሩ መቆረጡን እንኳ በቅጡ ሳያውቅ፣ መጀመሪያ የተናገረው ቃል እሷን ለማትረፍ ነበር። «ዝም በይ ብለኸኝ ከፍቶኝ ነው» አለች፣ እንደ ሕፃን። «ያን ማታ። በአማቾችህ ፊት።»

ቃልቤሳ ግንባሩን ቋጠረ። አሰበ። «ብዬሻለሁ?» አለ። «መቼ?»

አላስታወሰውም! ቁጭ ብላ ያደረችበትን ቃል እሱ ጨርሶ አያውቀውም። ዳሲቱ ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይታወቅ ድምፅ አወጣች። «ተወው» አለችው። «ተወው የኔ ጌታ። እኔ ነኝ። ቂም ይዤብህ አጥርህን ከፈትኩት፣ እግርህን በላሁት። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

«እግሬን አንቺ አልወሰድሽውም። መኪናው ነው ፍሬን የበጠሰው፤ አላህ ነው የጻፈው» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ታች ልጆች ኳስ እየተሻሙ ይጮኻሉ። «ግን ጠበቅኩሽ እኮ አዮ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ሚስትና ልጅ ያለኝ ሰውዬ መሬት ላይ ተንበርክኬ ጠበቅኩሽ። ተኝቼ የሚያመኝ እሱ ነበር፣ ከእግሬ ይልቅ። ላንቺ ብዬ ለሰው ዋሽቻለሁ፤ ላንቺ ግን አልዋሽም። ገና አፉ አላልኩሽም።»

«እሺ» አለች ዳሲቱ። እንባዋ ነጠላዋ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። «እጠብቃለሁ። ለሳምራም እነግራታለሁ።»

«ትነግሪያታለሽ። ዛሬ ግን አይደለም፤ ዛሬ ደስ ብሏታል።»

ተነስታ ልትሄድ ነበር። ቃልቤሳ በክንዱ ተደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ከትራሱ ቀና አለ። መንበርከክ አይችልም፤ ወገቡን አጎንብሶ ራሱን ወደ እሷ ዘንበል አደረገ። «መግሪብ ሊገባ ነው» አለ። «ቅሪልኝ።»

«ገና አፉ ሳትለኝ?»

«ሳልልሽም ቅሪልኝ።»

ቀኝ እጇን አናቱ ላይ ጫነች። የመጀመሪያዋ ቃል እንደ ሰባት ሳምንቱ ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ተያዘች፤ ሳለች፣ ዋጠች፣ እንደገና ጀመረች፣ በሻከረ፣ ራሷ በማታውቀው ድምፅ «ቢስሚላህ» አለች። ወጣ። ቀሪው ተከተለው፤ አንድ ጊዜ ቀራች፣ ሁለተኛ ቀራች። ሦስተኛውን ጨርሳ እፍ ካለችበትም በኋላ እሱ ራሱን ቀና አላደረገም፤ እሷም እጇን አላነሳችም።